ገንፎው ላይ ያሳየሁት አፍንጫ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ አክስቴ ቤት ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። አክስቴ ዘሀራ፣ ገንፎውን ያገነፋችው እሷ ናት። ባሏ አያ ሙሄ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በመኪና ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ቤት ውስጥ ሁላችንንም የሚነዱ። ጎረቤታቸው እትዬ ዘውዴ፣ የታመመ ሰው ካለበት ቤት ከሐኪም ቀድመው የሚደርሱ። ጓደኛዬ ሰይድ፣ ኮምቦልቻ ላይ ከእኔ ጋር ሞባይል የሚጠግን፣ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሁለት ጊዜ ምሳ የበላ። እህቴ ረህመት፣ ዘግይታ የደረሰች፤ መዘግየቷን አትርሱብኝ። የአክስቴ ድመት፤ ስም የላትም፣ ግን ነበረች። እኔም ነበርኩ። የአፍንጫዬ መኖር ግን ያከራክራል፤ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ሁለቱም ቀዳዳ በማሸጊያ ተጠቅጥቆ ስለነበር በአካል እንጂ በሥራ አልተገኘም።

ከእነዚህ ሌላ ‘እኔም ነበርኩ’ የሚል ካጋጠማችሁ፣ እትዬ ዘውዴ የነገሩት ሰው ነው።

እኔ ብዙ አልናገርም። ስልክ ጥገና ዝምታ ይወዳል። ሙያውንም ማንም አላስተማረኝም፤ የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ፣ መልሼ መግጠም ያቃተኝን እየደበቅሁ ነው የተማርኩት። አንድ ነገር ከያዝኩ ግን የመጨረሻዋን ብሎን ሳላይ አልለቅም። አፍንጫዬ የተዘጋ ጊዜም እንዲሁ አፍንጫን አጠናሁ። በስልኬ ሥዕል አየሁ፣ ቀዶ ጥገና ሲሠራ አየሁ፣ ምሳዬን ሳልበላ የዋልኩበት ቀን አለ።

ብዙ ሰው አፍንጫ ማለት ፊታችን ላይ ያለው ጉብታ ይመስለዋል። እሱ በረንዳው ነው። ቤቱ ያለው ከኋላ ነው። መሀሉን የሚከፍል ግድግዳ አለው፤ የእኔን ግድግዳ ግንበኛው ወደ ግራ እያየ የሠራው ይመስላል። በየጎኑ ሦስት ሦስት ሥጋ የለበሱ መደርደሪያዎች ተንጠልጥለዋል፤ የገባውን አየር ያሞቃሉ፣ ያረጥባሉ። ደሴ ላይ ሥራ አያጡም። ከዚያ ጓዳዎቹ ይመጣሉ። ከጉንጭ ኋላ ሁለት ሰፋፊ ጓዳ፣ ከግንባር ኋላ ሰገነት፣ በሁለቱ ዓይን መሀል እንደ ማር እንጀራ የተሰካኩ ትንንሽ ክፍሎች፣ ከሁሉም ጀርባ ደግሞ ከአንጎል ሥር የተደበቀ የመጨረሻው ጓዳ። ሰው ‘ሳይነስ አለብኝ’ ሲል እሰማለሁ። ሳይነስ የሌለው ማን አለ? እነዚሁ ጓዳዎች ናቸው እኮ።

የጉንጩ ጓዳ ፍሳሽ መውጫው የት ያለ ይመስላችኋል? ከወለሉ አይደለም፤ ከጣሪያው አጠገብ ነው። ጓዳውን የሚጠርጉ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ ፍሳሹን ሽቅብ እየገፉ ወደ ቀዳዳው ያደርሱታል። እንደ ደሴ ሰው ዕድሜያቸው በዳገት ያልቃል።

ሽታ የሚያውቀው ቦታ ግን ከሁሉም በላይ ነው። ጣሪያው ላይ እንደ ወንፊት የተበሳሳ አጥንት አለ፤ በየቀዳዳው ክር የመሰለ ነርቭ ወደ አንጎል ያልፋል። የተቆላ ቡና፣ የእርጥብ መሬት፣ የሰው ቤት ሽታ ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ወንፊት ነው። ልጅ ዓይኑ ሳያይ እናቱን የሚያውቀው በዚያ ነው። የእኔ ወንፊት ሥር የተላጠ የወይን ፍሬ የመሰለ ሥጋ በቅሎ፣ ከዓለም የሚመጣውን ሁሉ በር ላይ መለሰው።

ይህን ሁሉ ያጠናሁት ስለ አንድ ጣሳ ቅቤ ነው።

እናቴ ኮምቦልቻ ገበያ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። እሷ ያነጠረችውን ቅቤ ፍለጋ ከሐርቡ ድረስ ይመጡ ነበር። ድስቱን ትጥድና ትጠራኛለች። “ና አሽት!” አጠገቧ እቆማለሁ። “በቃ?” ትላለች። “ቆይ” እላለሁ። “አሁንስ?” “ቆይ እማ።” “አሁን” ስል ታወርደዋለች። ለገዢዎቿም “ድስቱ የእኔ፣ አፍንጫው የልጄ” ትል ነበር። ኮረሪማና ኮሰረት እንደምትጨምር አውቃለሁ፣ አብሽና እርድም። ከዚያ በኋላ ከቀሚሷ ኪስ የምታወጣው አንድ ሁለት ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ሰው የየዕለቱን ነገር አይጠይቅም፤ ነገም የሚያገኘው ይመስለዋል።

ሽታ እንደ መብራት በአንድ ጊዜ አልጠፋብኝም፤ እንደ ቧንቧ ውሃ እየቀጠነ ነው የሄደው። አንድ ቀን ድስቱ አጠገብ ቆሜ “እማ፣ ምንም አልሸተተኝም” አልኳት። ድስቱን አማሰለችና “ባይሸትህም ቁም” አለችኝ። “አንተ ስትቆም እኔ ይሸተኛል።”

ባለፈው ክረምት አረፈች። አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ፣ ከወገቡ በታች፣ የመጨረሻ ቅቤዋ ቀረ።

ረህመት የእናታችንን ቦታ ይዛ ማንጠር ጀመረች። ገዢዎቹ ቀምሰው “ጥሩ ነው፣ ማሻአላህ” ይላሉ፤ ከዚያ ቀና ብለው “የናትሽ ግን አይደለም” ይላሉ። ጣሳውን ከፍታ ብታሸት፣ ገና ሽታው ሲመጣ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ አፍንጫዋ ይዘጋል። በቤታችን አፍንጫ የሚባል ነገር ዕድል የለውም። ስለዚህ ጣሳው በተከፈተ ቁጥር ሽታው እየሸሸ ነው ብዬ በላስቲክ አሸግሁት። አፍንጫዬ ሲከፈት እኔ አሽትቼ እያንዳንዱን ቅመም በስሙ ልጠራላት፣ እሷ ልታነጥር ተስማማን።

አፍንጫዬን ለመክፈት ያልተሞከረ የለም። እትዬ ዘውዴ ዳማከሴ ጨምቀው አንቆረቆሩብኝ። አያ ሙሄ ጥቁር አዝሙድ በጨርቅ ቋጥረው “ሳብ! እንደ ወንድ ሳብ!” አሉኝ። እንደ ወንድ ስስብ ጨርቁም አብሮ ሊገባ ነበር። ሰይድ ደግሞ አጎቱን ያዳነ ነው ብሎ ነጭ ሽንኩርት ልጦ ከተተልኝ። ገባ፤ አልወጣም። በነጋታው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ በጉጠት አውጥታ ብርሃን ላይ ካየችው በኋላ “ዕድሜህ ስንት ነው?” አለችኝ። ለካርዱ መስሎኝ ነገርኳት። ለካርዱ አልነበረም።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ገባኝ። ነጭ ሽንኩርት አፍንጫው ውስጥ አድሮ ምንም ያልሸተተው ሰው ቀልድ ላይ አይደለም። ወደ ደሴ፣ ወደ አንገት በላይ ሐኪም ላኩኝ። ሲቲ ስካን ተነሳሁ።

ፊልሙን ይዘን ለቀጠሮው ከኮምቦልቻ ስንወጣ ሊወስዱኝ ከደሴ የወረዱት አያ ሙሄ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሐረጎ መሀል ስንደርስ ፊልሙን ከፖስታው አውጥተው የፊት መስታወቱ ላይ ዘረጉት።

“የየት አገር ካርታ ነው?” አለ ከኋላ አንድ ገበሬ።

“የልጃችን አፍንጫ ነው።”

“ኧረ በአላህ! ይሄ ሁሉ?”

“ጥቁሩ አየር ነው፣ ነጩ የተዘጋው ነው” አሉ አያ ሙሄ፣ እኔ ያስረዳኋቸውን።

ገበሬው አንገቱን አስግጎ አየና “ታዲያ ጥቁሩ የታለ?” አለ።

“እሱን ፍለጋ ነው ደሴ የምንወጣው።”

ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ። “አባቴ፣ አፍንጫውን ከመስታወቱ ያንሱልኝ። መንገዱ አልታይ አለኝ።”

“እኔ ይችን ዳገት ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምወጣት።”

“እኔ ከፍቼ ነው የምነዳው፣ አባቴ።”

ሐኪሟ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ ስታይ፣ እኔ በሕይወቴ ያከማቸሁትን ንግግር ሁሉ አወጣሁ። ወንፊቱ አጥንት የእኔ ምን ያህል ዝቅ ያለ ነው? ከዓይኔ የሚለየው ግድግዳ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው ይባላል፣ የእኔስ? በዚያ በኩል የምታልፈውን የደም ሥር አይተሻታል?

ብዕሯን አስቀመጠች። “ሥራህ ምንድን ነው?”

“ሞባይል ጥገና።”

“እሺ። ስልክ ከፍተህ ስትሠራ ባለቤቱ አጠገብህ ቆሞ ‘ቀስ! እሱን ሽቦ እንዳትነካው’ ቢልህ ምን ትለዋለህ?”

“ነገ ተመለስ እለዋለሁ።”

“ነገ ተመለስ” አለችኝ።

ግን ደግ ሰው ናት፤ ሳልነሳ አስረዳችኝ። “ከላይ አንጎል አለ፣ ከጎን ዓይን አለ። እኔ መሀሉ ላይ ነው የምሠራው። ሥጋውን አነሳለሁ፣ የጓዳዎቹን በር አሰፋለሁ፣ ግድግዳህን አቀናለሁ። ሽታው ግን በእኔ እጅ አይደለም። ክሮቹ ደህና ከሆኑ ይመለሳል፤ ያውም ቀስ ብሎ። ምን ልታሸት ነው እንዲህ የቸኮልከው?”

“ቅቤ” አልኳት።

እስክስቅ ጠበቀች። አልሳቅሁም። እሷም አልሳቀችም።

የቀዶ ጥገናዬ ቀን ሲደርስ ጣሳውን ከኮምቦልቻ ይዤው ወጣሁ። ኮምቦልቻ ሙቀት ነው፣ ቅቤ ያበላሻል፤ ደሴ ብርድ ነው። ደግሞም አፍንጫዬ በተከፈተባት ሰዓት አጠገቤ እንዲሆን ፈለግሁ። ለአክስቴ ሰጠኋትና “ደህና ቦታ አስቀምጪልኝ፣ የእማ ቅቤ ነው፤ ለእኔ ነው” አልኳት። “አብሽር ልጄ” አለችኝ። ሁለት ቃል ብጨምር ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር። ግን ነገርኳችሁ፤ ብዙ አልናገርም።

እንግዲህ ወደ ቅዳሜው እንመለስ። ጋቢ ተከናንቤ፣ ትራስ ተደግፌ፣ አፌን እንደ ዓሣ ከፍቼ እየተነፈስኩ ተቀምጫለሁ። እትዬ ዘውዴ ገና ከበሩ “እንኳን ማርያም ማረችህ!” አሉ።

“አሜን” አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል?

“ምን ተገላገልክ?”

“መንታ ነው” አሉ አያ ሙሄ። “አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ።”

“ታዲያ ገንፎው የታለ?”

ገንፎው እየመጣ ነበር። “ደም የፈሰሰው ሰው ገንፎ ይበላል፤ ወንድም ይሁን ሴት” አለች አክስቴ፣ ሰፊውን ገበታ ፊቴ እያስቀመጠች። የገብስ ገንፎ፣ እንደ ጦሳ ተራራ የቆመ፣ መሀሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። እንፋሎቱ ፊቴን አሞቀው። ከሙቀቱ በቀር ምንም አልነገረኝም።

ሰይድ ማንኪያውን አንስቶ “ለመሆኑ ምንህን ነው የቆረጡህ?” አለ።

የሐኪም መድኃኒት ይሁን የሰው ብዛት፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም። “ፊልሙን አምጡልኝ” አልኩ። ከገበታው አጠገብ ዘረጋሁት። የማንኪያውን እጀታ ይዤ ገንፎው ላይ ማስተማር ጀመርኩ።

“ይህ ጉብታ ጉንጭ ነው እንበል። መሀሉ ያለው ይህ ጓዳው ነው። ቅቤው ደግሞ፣ አፉ በሉኝ፣ ንፍጡ ነው።”

“ቢስሚላህ!” አለ ሰይድ፣ ማንኪያውን እየመለሰ።

“በሩ የት ነው? ከላይ! ሥጋው ይህን በር ዘጋው። ሐኪሟ ምን አደረገች?” በማንኪያው እጀታ የገንፎውን ጠርዝ ቀደድኩት። ቅቤው በተቀደደው በኩል ወርዶ ገበታውን አጥለቀለቀ፤ ጥቂት ጠብታም ወደ ፊልሙ ተፈናጠረ። “ይኸው! በሩ ሲሰፋ እንዲህ ይፈሳል! ቆዩ፣ አሁን ደግሞ የግንባሩን እናያለን።” በሌላው ጎንም ቀደድኩ።

ቤቱ ዝም አለ። እንዲያው ዝም ብሎ ዝም አይደለም። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። አያ ሙሄ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እትዬ ዘውዴ እንኳ፣ እትዬ ዘውዴ! አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ድመቷ ከአልጋው ሥር ወጥታ መሀላችን ቆመች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው እንዲህ ሲሰማኝ አየሁ። ማስተማር ተሰጥኦዬ ሆኖ ሳለ በስልክ ጥገና ዕድሜዬን መፍጀቴ ቆጨኝ።

ረህመት በዚህ መሀል ከኮምቦልቻ ደረሰች። አንድ ጫማዋን አውልቃ፣ ሌላውን ሳታወልቅ መቃኑን ይዛ ቆመች።

“ምንድን ነው እሱ?” አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

“የመጨረሻው ጓዳ ነው” አልኳት። “ከአንጎል ሥር ያለው። እሱን ገና አልከፈትኩትም።”

አልሰማችኝም። የምታየው መደርደሪያውን ነው። መደርደሪያው ላይ አንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ታጥቦ ተደፍቷል። እኔ የተቀመጥኩት ጀርባዬን ለመደርደሪያው ሰጥቼ ነው። አክስቴን አየቻት፣ አክስቴ ፊቷ በርቷል። እኔን አየችኝ። ከዚያ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“አብሽሪ” አልኳት፣ “አያምም እኮ።”

“ብላ” አለችኝ። “ማስተማሩን ተወውና ብላ ወንድሜ። ሳይቀዘቅዝ ብላው።”

በላሁት። ምላሴ ጨውና የበርበሬ ማቃጠል ነገረኝ፤ ሌላ አልነገረኝም። ረህመት ከገበታው ላይ የፈሰሰውን ቅቤ በገንፎ እየጠረገች አጎረሰችኝ። ጠብታ አላስቀረችም። ትልቅ ሰው በእጅ መጉረሱ ትንሽ አሳፈረኝ፤ ሕመምተኛ ስለሆንኩ ቻልኩት።

ማሸጊያው ወጣ። ሽታው አልመጣም። ሳምንታት አለፉ፤ ኮምቦልቻ ሱቃችን ውስጥ አንድ የስልክ ገመድ ስበይድ፣ የሆነ ስለታም ነገር አናቴ ውስጥ ገባ። የብየዳው ጭስ ነበር። “ሰይድ! ሸተተኝ!” ብዬ ጮህኩ። ሰይድ አቀፈኝ፤ ጫማውን አውልቆ ነበር፤ እሱም ሸተተኝ። አልሀምዱሊላህ አልኩ፤ ለካልሲ እንዲህ ያመሰገነ ሰው ያለ አይመስለኝም። በዚያው ሰዓት ሱቁን ለሰይድ ትቼ ወደ ደሴ ተሳፈርኩ። ሐረጎ ላይ በመስኮቱ የባሕር ዛፍ ሽታ ገባ። የተቃጠለ ፍሬን ሽታም ገባ፤ እሱንም ወደድኩት።

“ጣሳዬን ስጪኝ” አልኳት አክስቴን።

አመጣችልኝ። ከበደኝ። ክዳኑን ከፍቼ አፍንጫዬን ጨመርኩ፤ የተቆላ ገብስ ሸተተኝ። በሶ ነበር፣ እስከ አፉ የሞላ።

“ዕቃ ባዶውን አይመለስም” አለች።

“ቅቤውስ?”

“የቱ ቅቤ?”

“የእማ።”

“በላኸው እኮ! የገንፎው ለት!” አለችና እጄን ያዘችኝ። “ለእኔ ነው አላልከኝም? እህቴ ያስቀረችውን ለልጇ ካላበላሁ ለማን ላብላው? ጣሳውን እንኳ በሙቅ ውሃ አለቅልቄ እዚያው ነው የጨመርኩት። ወላሂ ጠብታ አላባከንኩም።”

በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ። “ያን ቀን” አልኳት፣ “ሁላችሁ ዝም ያላችሁት…”

“ታዲያ ስለ አፍንጫህ መሰለህ?” አለች አክስቴ። “እህቴ በሩን ከፍታ የገባች መስሎኝ ነው። ሙሄማ ኋላ ጓሮ ሄዶ ብቻውን ቆመ።” ከዚያ ፊቴን እያየች “ጣፍጦህ ነበር አይደል፣ ሆዴ?” አለችኝ።

“በጣም” አልኳት።

ልሄድ ስነሳ ድመቷ ከአልጋው ሥር፣ ያን ቀን ረስቼው የሄድኩት የፊልም ፖስታ ላይ ተኝታለች። “ከዚያ ወዲህ ከእሱ ላይ አትነሳም፤ ጠርዙን ስትልስ ትውላለች” አለች አክስቴ። ፖስታውን ከሥሯ ሳብኩት፤ ቧጨረችኝ። ፊልሙን አውጥቼ መስኮቱ ላይ ዘረጋሁት። ድመቷ ያልደረሰችበት ቦታ፣ ከግራ ዓይኔ ጓዳ በላይ፣ አንድ ቢጫ የደረቀ ጠብታ አለ።

አፍንጫዬን አስጠጋሁ። መጀመሪያ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ከዚያ አቧራ፣ ከዚያ ድመት። ከዚያ ከሩቅ ክፍል ስሜን ሰው የጠራኝ ያህል፣ በጣም በቀስታ፣ አንድ ሌላ ነገር። ኮሰረት ነው ልል ስል ሌላ ሆነ። በስሙ ልጠራው አፌን ስከፍት ሄደ። አፍንጫ አንድን ነገር ሲደጋግም እንደሚሰለች አንብቤያለሁ፤ ደጋግሜ ልጨርሰው ፈራሁ። ፊልሙን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ብርድ ነው ብዬ እዚያው ደሴ፣ ድመት የማትደርስበት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት። ዓለም ላይ ያለችኝ የእናቴ ሽታ በተዘጋው አፍንጫዬ ፎቶ ላይ ናት።

ረህመት አሁንም ታነጥራለች። ትናንት ድስቱን ጥዳ “ና አሽት” አለችኝ። አጠገቧ ቆምኩ። ኮረሪማው መጣ፣ አብሹ መጣ። “በቃ?” አለች። “ቆይ” አልኳት። አንድ ነገር ጎደለው። የጎደለውን አውቀዋለሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም።

ስለዚህ እናንተ በዚያ ቅዳሜ የነበራችሁ፣ እባካችሁ የጎደለውን ሙሉልኝ። አያ ሙሄ፣ ጓሮ የሄዱት ምን ሸትቶዎት ነው? እትዬ ዘውዴ፣ ለሰፈሩ ሁሉ የነገሩትን ለእኔም አንድ ጊዜ ይንገሩኝ። ሰይድ፣ አንተ ቢያንስ አጠገቤ ነበርክ። ረህመት፣ ሳታለቅሺ ሞክሪ። እኔ ረህመት ዘግይታ ደረሰች ብያለሁ፤ አርሙልኝ፣ የዘገየሁት እኔ ነኝ። አክስቴ እንዳለችው በሩ ተከፍቶ እናቴ ስትገባ፣ መጀመሪያ የሸተታችሁ ምን ነበር?